የሥር ፈንገስና የቅጠል ሥራ፤ የአንድ ክርክር ታሪክ

ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከአየርና ከውሃ ስኳር እንደሚሠራ ሁላችንም ተምረናል። ይሁን እንጂ ቅጠሉ ከሥር በሚመጣለት ነገር የሚኖር መሆኑን፥ ሥሩም ብዙ ጊዜ ብቻውን እንደማይሠራ የምናስብ ጥቂቶች ነን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥር ላይ የሚኖረው ፈንገስ ሌባ ነው ወይስ ባልንጀራ? የሚለው ክርክር እንዴት እንደ ተነሣና በምን እንደ ተፈታ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ፥ ትራፍል የተባለው በምድር ውስጥ የሚያድግ የሚበላ እንጉዳይ በፕሩስያ ይለማ እንደ ሆነ እንዲመረምር ታዞ ነበር። በ1885 ዓ. ም. አሳትሞ ያወጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የጫካ ዛፎች ቀጫጭን ሥሮች በፈንገስ ክሮች እንደ ካባ ተሸፍነው ሳለ ዛፎቹ አለመታመማቸው ነው። ይህን ጥምረት «ሚኮራይዛ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም ከግሪክኛ ሲመለስ «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው። ፈንገሱ ዛፉን ይመግባል ቢልም፥ የዛፍ በሽታ ሊቅ የነበረው ሮበርት ሃርቲግ ተቃወመው። ፈንገስ ዛፍን ሲገድል ዘወትር የሚያይ ሰው እንዲህ ያለውን አሳብ በቀላሉ ባይቀበል አያስደንቅም።

ክርክሩ የዘገየበት ምክንያት፥ የሥሩ መልክ በአጉሊ መነጽር ቢታይም ማን ሰጪ ማንስ ተቀባይ እንደ ሆነ ስለማይናገር ነው። መልሱ የተገኘው ልውውጡን መከታተል ሲቻል ነው። ስዊድናውያኑ ሜሊንና ኒልሶን በ1950 ዓ. ም. ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ በፈንገሱ ክሮች አማካይነት ወደ ፓይን ችግኝ መግባቱን፥ በ1957 ዓ. ም. ደግሞ ቅጠሉ ከአየር የወሰደው ካርቦን ወደ ፈንገሱ መውረዱን አሳዩ።

ፎስፎረስ ለቅጠል የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሎሮፕላስት የሠራውን ምርት ወደ ውጭ ሲልክ በምትኩ ፎስፌት ይቀበላል። ፎስፌት ካነሰ ምርቱ ስታርች ሆኖ እዚያው ይከማቻል፥ ሥራው ይዘገያል፥ አዲሶቹም ቅጠሎች አንሰው ይቀራሉ። ፈንገሱ ፎስፎረስ ከማምጣቱም ሌላ የተሠራውን ምግብ ወደ ታች ስለሚስብ፥ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን ለበለጠ ሥራ ያነሣሣዋል።

የነገሩ ክብደት በፖርቶ ሪኮ ደሴት በግልጽ ታይቷል። እዚያ የተተከሉት የፓይን ችግኞች ቀጭጨው ይሞቱ ነበር። በ1955 ዓ. ም. ግን ከሰሜን ካሮላይና የፓይን ጫካ አፈር መጥቶ ሲጨመርላቸው አደጉ።

ሃርቲግም ቢሆን ፈጽሞ አልተሳሳተም። በ2017 ዓ. ም. የታተሙ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፥ በብዙ ሰብሎች ሥር ውስጥ የሚኖረው የፈንገስ ወገን ስኳር ብቻ ሳይሆን ስብም ከተክሉ ይወስዳል። ፎስፎረስ በበዛበት አፈር ይህ ወጪ ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሌባነቱም ሆነ ባልንጀርነቱ በፈንገሱ ባሕርይ ብቻ አይፈረድም፤ አፈሩም መመርመር አለበት። የእርሻ ተማሪ ማዳበሪያ ከማዘዙ በፊት ይህን ሊያስብ ይገባዋል።