አማካሪው ሥራውን ሲፈጽም፤ የአሶሳና የመንጌ የአስተዳደር ታሪክ የሚያስተምረው

ምክር የማይሻ አስተዳደር የለም። ዳሩ ግን ለአንድ ዘመን ችግር የተቋቋመ የምክር አካል ችግሩ ካለፈ በኋላም ቢቆይ፣ ምክሩ ቀስ በቀስ ወደ ትእዛዝ፣ አማካሪውም ወደ አለቃ መለወጡ አይቀርም። እንዲህ ያለውን አካል ማፍረስ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ በማን ሥልጣንና በምን ሥርዓት? ይህ ጥያቄ በምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሲነሣ የቈየ ነው።

መንጌ በበርታ ሕዝብ አገር የሚገኝ የአሶሳ ዞን ወረዳ ነው። አገሩ በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ፣ የአካባቢው ሼኮች ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቈዩ፤ ከእነርሱም መካከል የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን ኃይላቸው የገነነ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነ፤ ውሳኔውም ከነቀምት፣ ከዚያም አልፎ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ሆነ። ለአውራጃዎች ራስን በራስ የማስተዳደር መብት ለመስጠት በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 ከፓርላማው ድጋፍ ስላላገኘ በወረቀት ላይ ቀረ።

በ1980 ዓ.ም. አሶሳ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ተባለ። በ1984 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 7 ክልል ስድስትን አስገኘ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ የክልሉን ሥልጣን አጸና። ይሁን እንጂ በሥራው የሠለጠነ ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የክልል ጉዳዮች ዘርፍ ሥር የተመደቡ አማካሪዎች ወደ አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተላኩ። እነዚህ ሰዎች የተላኩት እንዲመክሩ እንጂ እንዲወስኑ አልነበረም፤ ሆኖም ተጽዕኖአቸው ከምክር ወሰን ያለፈ እንደ ነበረ ዘመኑን ያጠኑ ጸሐፊዎች አመልክተዋል። ከመንጌ የሚነሣ ጉዳይ የተመረጠው ምክር ቤት ሳይመክርበት በአማካሪ ፈቃድ የሚያልቅ ከሆነ፣ መምረጥ ምን ትርጉም ይኖረዋል?

በሌላ ወገን የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 በእድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዝዛል። በጀት የሚያዘጋጅ፣ ሒሳብ የሚመረምር፣ ደንብ የሚያረቅ ሰው በሌለበት አማካሪውን በአንድ ቀን ማንሣት ሕዝቡን ያለ ረዳት መተው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚያጸድቀው ድጋፉን እንጂ የድጋፉን ዘላለማዊነት አይደለም። ድጋፍ ተረጂውን ራሱን እስኪችል ካላደረሰው፣ ጥገኝነት ሆኖ ይቀራል።

በ1994 ዓ.ም. የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ተቋቁሞ የዘርፉን ድርሻ ተረከበ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰላም ሚኒስቴር ተተካ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የመሥሪያ ቤት ስም መለወጥ አንድን የምክር አካል ማፍረስ አይደለም፤ ሥልጣኑ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ቀረ መመርመር ያሻል። በነሐሴ 1966 ዓ.ም. የዘውድ ምክር ቤት የፈረሰው በታሰበበት የሕግ ግምገማ ሳይሆን በደርግ ግፊት ነበር፤ የማብቂያ ጊዜ ያልተወሰነለት አካል ፍጻሜው ለኃይል ይተዋል።

እንግዲህ ጊዜው ያለፈበትን የምክር አካል ማፍረስ ተገቢ ነው፤ ማፍረሱ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ውሳኔው ተጠሪነቱ ለሕዝብ ከሆነ ምክር ቤት ይምጣ። ሁለተኛ፣ መዝገቡና ልምዱ ለክልሉና ለወረዳው ባለሙያዎች በሥርዓት ይተላለፍ። ሦስተኛ፣ ወደፊት የሚቋቋም ማንኛውም የምክር አካል የሚያበቃበት ዘመን በማቋቋሚያ ሕጉ ይጻፍ። የመንጌ ሽማግሌ ለወገኑ የሚሰጠው ምክር አዋጅ አያስፈልገውም፤ በአዋጅ የመጣ አማካሪ ግን በአዋጅ ሊሰናበት ይገባል።