ያየሁትና የሰማሁት፦ በካፋ ጉዳይ የተጣሉት ሁለት ጠያቂዎች

አንድ ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ይገባል፤ ሁለት ቀን ሰው አነጋግሮ ይመለሳል። ዘገባውን ስናነብ የትኛውን በዓይኑ እንዳየ፣ የትኛውን ከቡና ነጋዴ፣ የትኛውን ከቢሮ ኃላፊ እንደሰማ ብዙ ጊዜ አንለይም። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን በዚሁ የቡና አገር ምክንያት ከ170 ዓመት በፊት ሁለት አውሮፓውያንን ያጣላችው ይህችው ነገር ናት።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. ከ1840 እስከ 1843 ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ካፋን አልረገጠም። የተቀመጠው ጎጃም፣ የጁቤ አጠገብ፣ ባሶ ገበያ ነው። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ የሚራገፈው እዚያ ነበር። ቢክ ሲራራ ነጋዴዎችንና በባርነት የመጡ ሰዎችን እየጠየቀ፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚያስኬድና ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ መዘገበ። የ14 ቋንቋዎችና ዘዬዎች ቃላትም ሰበሰበ።

ዘዴው የሚናቅ አይደለም። አንዱን ነገር ለማይተዋወቁ ሰዎች እየደጋገሙ መጠየቅ ዛሬም የሙያው ሀሁ ነው። ችግሩ ያለው መላሹ ዘንድ ነው። ነጋዴ እንጀራ የሚበላበትን መንገድ ለእንግዳ ሁሉ አይዘረግፍም። ከቀዬው ተነጥቆ ለገበያ የቀረበ ሰው ደግሞ አልናገርም የማለት አቅም የት አለው? ስለ ካፋ አውሮፓ ከደረሰው ወሬ ስንቱ እንዲህ ካለ አፍ የወጣ ይሆን!

አንቷን ዳባዲ ግን ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1843 የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ሙሽራ እንዲያመጡ ሰዎች ሲልክ፣ ፈረንሳዊው ከእነሱ ጋር ተቀላቅሎ ቦንጋ ደረሰ። ቆይታው አጭር ነበር።

ቢክ አላመነም። የሰማውን አየሁ ብሎ ነው የሚያወራው ሲል በ1850 ስለዚሁ ጉዞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳተመ። በክርክሩ የተነሳም የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር የሸለመውን የወርቅ ሜዳሊያ መለሰ። ለምንጭ ንጽሕና ሲል ሽልማቱን የሚመልስ ጋዜጠኛ ዛሬ ቢፈለግ ይገኝ ይሆን? የሚያሳዝነው፣ ቢክ የተሳሳተ መሆኑ ነው፤ የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ዳባዲ ቦንጋ መድረሱን ይቀበላሉ።

ዳባዲ በ1890 ስለ ኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ያሳተመውን መጽሐፍ፣ ካየው ቀጥሎ የሰማው መሆኑን በርዕሱ ላይ ጻፈ። ያየውንና የሰማውን ከሽፋኑ ጀምሮ ለየ ማለት ነው።

እሱም ቢሆን ከስህተት አላመለጠም። የነጭ ዓባይ ምንጭ በዚህ አካባቢ ነው የሚል እምነት ነበረው። በ1846 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እናርያ ጫካ ውስጥ የጊቤ ምንጭ ላይ ቆመው የፈረንሳይን ባንዲራ ተከሉ። ጊቤ ግን ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚወርደው። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ጠያቂ ምንጩ ላይ ቆሞም ይሳሳታል። ቴፒ ላይ ገበሬውን «ዘንድሮ ቡናው ከስሯል፣ አይደል?» ብሎ ማይክ የሚደቅነውም የዚሁ ዘመድ ነው። ገበሬውም ለእንግዳ ክብር ሲል «አዎ» ይለዋል።

ዳባዲ የሞተው በ1897 ነው። በዚያው ዓመት የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ1905 ካፋ ገብቶ ስለ ወደቀው መንግሥት ሲጠይቅ፣ ንጉሡ ገና በሕይወት፣ በእስር ላይ ነበሩ። በ1920 እና በ1923 የወጡት ሁለት ጥራዞቹ ስለ ካፋ ለሚያጠና ዛሬም የማይታለፉ ናቸው። ግን በድል አድራጊ አስተዳደር ሥር ያለ ሰው የሰጠውን መልስ ስናነብ፣ ምን ሳይናገር እንደቀረ አብረን መጠየቅ አለብን።

ከቦንጋ በስተምዕራብ ያለው፣ የዛሬዎቹ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙበት የቤንች፣ የሸኮና የመዠንግር አገር ደግሞ ለዳባዲ ከሰማው እንጂ ካየው አይደለም። የመዠንግርን ሕይወት አብሯቸው ኖሮ፣ እነሱኑ ጠይቆ የጻፈው የጃክ ስታውደር መጽሐፍ የታተመው በ1971 ነው፤ ዳባዲ ቦንጋ ከገባ ከ128 ዓመት በኋላ።