በመዳብ ውስጥ የተደበቀው ብር፦ ማንስፌልድ፣ ኑረምበርግና የሉተር ቤተሰብ

ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

በመካከለኛው ጀርመን፣ ከሐርዝ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ማንስፌልድ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በአካባቢዋ ከምድር በታች የተዘረጋው መዳብ ያዘለ ጥቁር ድንጋይ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆፋሪዎቹ ይህን ስስ ንብርብር ለማውጣት በጎናቸው ተኝተው ይሠሩ ስለነበር «አንገተ ጠማማዎች» የሚል ስም ወጣላቸው። ከ1200 ገደማ እስከ 1990 ድረስ ከዚያ ምድር 2.6 ሚሊዮን ቶን ያህል መዳብ ወጥቷል። አብሮት ከ14,000 ቶን በላይ ብር ተገኝቷል፤ በአማካይ ለአንድ ቶን መዳብ ከአምስት ኪሎ በላይ ብር ማለት ነው።

ችግሩ ብሩ ለብቻው አለመገኘቱ ነው። ድንጋዩ ሲቀልጥ መዳቡ ብሩን በሆዱ ይዞ ይወጣል፤ ደጋግሞ ማቅለጥም አይለያያቸውም። በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኑረምበርግ ሥራ ላይ የዋለው መፍትሔ ሦስተኛ ብረት ማስገባት ነበር፦ እርሳስ፣ አባቶቻችን አረር የሚሉት። መዳቡ ከብዙ እርሳስ ጋር ይቀልጥና እንደ ወፍራም ድፎ ዳቦ በክብ ቅርጽ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ መዳብና እርሳስ አይስማሙም፤ ብሩ ደግሞ እርሳሱን ይመርጣል። ክቦቹ በምድጃ ላይ ቆመው ቀስ ብለው ሲሞቁ፣ በ327 ዲግሪ የሚቀልጠው እርሳስ ብሩን ይዞ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። 1,085 ዲግሪ የሚፈልገው መዳብ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ ባለበት ይቀራል። ከዚያም በእርሳሱ ላይ በወናፍ አየር ሲነፋበት እርሳሱ ወደ ኦክሳይድነት ተለውጦ ይወገዳል፤ በመጨረሻ ብሩ ብቻውን ያበራል። ጆርጂየስ አግሪኮላ በሞተ በዓመቱ፣ በ1556 በባዝል በታተመው መጽሐፉ፣ 11ኛውን ክፍል በሙሉ ለዚህ ሥራ ሰጥቶታል። ሥዕሎቹን ያየ ሰው የእቶኖቹን ብዛት አይረሳም።

ተማሪ ሳለሁ ይህን ታሪክ የእቶንና የወናፍ ታሪክ አድርጌ አነበው ነበር። ዛሬ ግን እርሳሱና እንጨቱ በማን እጅ ነበር የሚለው ጥያቄ ይበልጥብኛል። እርሳሱ ከሩቅ የሚገዛ ነው። እንጨቱ በቱሪንጊያ ደን ስለነበረ የመለያ ፋብሪካዎቹ የተተከሉት ማንስፌልድ ሳይሆን እዚያ ነው። ይህን ሁሉ ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ በኑረምበርግና በሌሎች ከተሞች ነጋዴዎች ሣጥን ውስጥ ነበር። ነጋዴዎቹ ለማንስፌልድ አቅላጮች አስቀድመው ያበድራሉ፤ አቅላጩም ብር ያዘለ መዳቡን ለአበዳሪው ለማስረከብ ይገደዳል። ብሩ በመዳቡ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ዕውቀቱ ብቻውን ግን ከዕዳ አላወጣም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። በቲሮል፣ ሽቫዝ በተባለ ስፍራ፣ ብርና መዳብ በአንድ ድንጋይ ተጣምረው ይገኙ ነበር። በ1486 ሐል በተባለችው ከተማ የተመታው ትልቅ የብር ሳንቲም የዚህ ምድር ውጤት ነው። የታለሮች ሁሉ ቅድመ አያት እርሱ ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁት የማሪያ ትሬዛ ብርም ከዚያው ዘር ይወለዳል። 28 ግራም ከሚመዝነው ከዚህ ሳንቲም ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ነው፤ ቀሪው መዳብ ነው። በብዙ ድካም የተለየው መዳብ ለጥንካሬ ሲባል ተመልሶ ገባ ማለት ነው!

ወደ ማንስፌልድ ልመለስ። ከአቅላጮቹ አንዱ ሐንስ ሉተር ነበር፤ በ1484፣ ልጁ ማርቲን በተወለደ በዓመቱ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ገባ። ማርቲን ሉተር በ1524 ስለ ንግድና አራጣ የጻፈውን ቁጣ የተሞላ ጽሑፍ ከሃይማኖት ትምህርቱ ብቻ ማንበብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሹን መተው ነው፤ ጸሐፊው በነጋዴ ብድር ከሚሠራ አቅላጭ ቤት ያደገ ሰው ነበርና። ኋላም የማንስፌልድ መሳፍንት ማቅለጫዎቹን ከተከራዮቹ እየነጠቁ በራሳቸው እጅ ማድረግ ሲጀምሩ፣ ከተጎዱት መካከል የሉተር ወንድምና ዘመዶች ይገኙበት ነበር። መሳፍንቱም እርስ በርሳቸው ተጣሉ። በ1546 ክረምት፣ በሕመም የደከመው ሉተር እነርሱን ለማስታረቅ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አይስሌበን ተጓዘ። ድርድሩ ሳምንታት ፈጀ፤ ስምምነቱ የካቲት 16 እና 17 ተፈረመ። ሉተር በ18ኛው ቀን ገና ሳይነጋ እዚያው አረፈ።