የሰላም ትምህርት የማን ልጅ ነው?

በምዕራቡ ዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሰላምን፣ ማኅበራዊ ፍትሕንና መንፈሳዊነትን አጣምሮ የሚያስተምር ሴሚናር ሲከፈት፣ ሦስተኛው ቃል እንደ እንግዳ ይታያል። ሰላምና ፍትሕ ጥናት ናቸው፤ መንፈሳዊነት ግን ከጸሎት ቤት ሾልኮ የገባ ነው ይባላል። የትምህርቱን ታሪክ ለሚመረምር ግን የቤቱ ባለቤት መንፈሳዊነቱ ነው፤ ጥናቱ ኋላ የመጣ ነው። «ሴሚናር» የሚለው ቃል እንኳ ሥሩ ላቲን ሆኖ ትርጉሙ የችግኝ መደብ ነው። ከ1563 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) የትሬንት ጉባኤ ወዲህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የካህናት ማሠልጠኛዋን በዚሁ ሥር ጠርታዋለች፤ የአገራችን ካቶሊካውያንም ዘሩን ሳይለቁ «ዘርዐ ክህነት» ይሉታል።

የሰላም ጥናትን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በማስተማር ቀዳሚ የሆነው በአሜሪካ ኢንዲያና የሚገኘው፣ ያኔ ማንቸስተር ኮሌጅ ይባል የነበረው ተቋም ነው። ጊዜው 1948 ሲሆን የትምህርቱ መሥራች የታሪክ መምህርቷ ግላዲስ ምዩር ነበሩ። ኮሌጁ የ«ወንድሞች» ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1708 በጀርመን ሽቫርዜናው ስምንት ሰዎች በወንዝ ተጠምቀው የጀመሯት ናት። እኛ በጸሎተ ሐሙስ የምናውቀውን ሕጽበተ እግር እነሱም በፍቅር ማዕዳቸው ላይ ይፈጽሙታል፤ የወንድሙን እግር ያጠበ እጅ ጦር አያነሳም ብለውም ያምናሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእነሱና እንደ እነሱ ጦርነትን ከሚቃወሙት ክርስቲያኖች፣ ከሜኖናውያንና ከክዌከሮች፣ የወጡትን ጨምሮ 12,000 ያህል አሜሪካውያን ወጣቶች መሣሪያ አንይዝም በማለታቸው ያለ ደመወዝ በደን ሥራና በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች አገልግለዋል። ጦርነቱ ባበቃ ማግስት ኮሌጁ ያን ትምህርት መክፈቱ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም። «አልገድልም» ያለ ማኅበረሰብ፣ እንግዲያስ ግጭት በምን ይፈታል ለሚለው ጥያቄ የመልስ ዕዳ አለበት።

የሰላም ጥናት አባት ኖርዌያዊው ዮሃን ጋልቱንግ ነው፣ እሱም ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ሶሲዮሎጂ ያፈራው ሰው ነው የሚል መከራከሪያ ይነሳል። በኦስሎ የሰላም ምርምር ተቋምን በ1959 መመሥረቱ እውነት ነው። በ1969 ደግሞ ማንም ጥይት ሳይተኩስ፣ ሊቀር በሚችል ረሃብና በሽታ ሰው ሲሞት ያም ዓመፅ ነው ብሎ ፍትሕን ከሰላም ጋር አስተሳሰረ። ነገር ግን ይኸው ሰው ቀደም ሲል ወታደራዊ ግዴታን በመቃወሙ ታስሮ ነበር። በ1955 ከፈላስፋው አርነ ኔስ ጋር ያወጣው መጽሐፍም የጋንዲን የፖለቲካ ሥነ ምግባር የሚመረምር ነው። ጋንዲ ደግሞ ጸሎትንና ፖለቲካን ለያይቶ አያውቅም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሃይማኖት ስንት ጦርነት ባርኳል የሚለው ነው። ባርኳል፤ «ወንድሞች»ን ከአውሮፓ ወደ ፔንሲልቬንያ ያሰደዷቸውም ክርስቲያን ገዥዎች ነበሩ። ስለዚህ እምነት ሁሉ ሰላም ያመጣል ብዬ አልከራከርም። ክርክሬ ጠባብ ነው፦ ግጭት ያለ መግደል በምን ይፈታል የሚለውን ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲ ያቆዩት ስለ እሱ ዋጋ የከፈሉ ጥቂት ምእመናን ናቸው።

ታዲያ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ስብከት? በ1984 በብሪታንያ ካሮላይን ኮክስና ሮጀር ስክሩተን የሰላም ጥናትን የሚነቅፍ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። መልሱ ግን በዚያችው አገር ታሪክ ይገኛል። የመጀመሪያው የሰላም ጥናት ክፍሏ በ1973 በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ክዌከሮች ገንዘብ አዋጥተውለታል። የመጀመሪያው ፕሮፌሰር አዳም ከርልም ክዌከር ነበሩ፤ በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት በሁለቱ ወገኖች መካከል ለሽምግልና ሲመላለሱ የከረሙ ሰው ናቸው። በ1971 መጽሐፋቸው፣ ጉልበታቸው ባልተመጣጠነ ወገኖች መካከል ድርድር ብቻ ሰላም እንደማያመጣ፣ የተበደለው መጀመሪያ በደሉን ማወቅ እንዳለበት ጽፈዋል፤ ይህ ከሽምግልና ልምድ የተገኘ ዕውቀት ነው። በ1978 የተኳቸው ጄምስ ኦኮኔል ቀድሞ የካቶሊክ ካህን የነበሩ፣ በናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተማሩ ምሁር ናቸው። በእሳቸው ዘመን ነው ክፍሉ በኑክሌር መሣሪያዎች ላይ ባደረገው ዝርዝር ምርምር የታወቀው።