ነጣቂ ጆርናል

እ.ኤ.አ. በ2013 አስመራ ውስጥ በ«ዋሴ የሕክምና ተቋም» የሚሠራ ኦኮራፉ ኮባንጌ የተባለ ተመራማሪ ለአንድ ጆርናል ጥናት ላከ። ከድንጋይ ሽበት የተገኘ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋሳትን ይገታል ይላል። ጥናቱ ተቀባይነት አገኘ። ችግሩ፣ ሰውየውም ተቋሙም በዓለም ላይ የሉም። የፈጠራቸው ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን ነው። ሆን ብሎ ስሕተት የሞላበትን ጽሑፍ፣ የደራሲውንና የተቋሙን ስም እየቀያየረ ለ304 ጆርናሎች ላከው፤ 157ቱ ተቀበሉት። ጉዱን «ሳይንስ» መጽሔት አወጣው።

እንዲህ ያለውን አሳታሚ «ፕሬዳተሪ» ብሎ ስሙን ያስለመደው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረው ጄፍሪ ቢል ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2010። በአማርኛ «አዳኝ ጆርናል» እንዳንል፣ አዳኝ ፈዋሽም ነውና በሕክምና ሰፈር ማስታወቂያ ይሆንለታል። «ነጣቂ» ይሻላል። የበግ ለምድ የለበሰው ተኩላ ነጣቂ ነው፤ ይህም ጆርናል የሚመጣው የሳይንስ ለምድ ለብሶ ነው።

ነጣቂ የሚያሰኘው ማስከፈሉ አይደለም። አንባቢ በነጻ እንዲያነብ ደራሲው የሚከፍልባቸው ደህና ጆርናሎች ሞልተዋል። ፕሎስ ዋን ያስከፍላል፤ ያንን የሐሰት ጽሑፍ ግን ሕዋሳቱ የተወሰዱባቸው እንስሳት እንዴት እንደተያዙ ጭምር ጠይቆ፣ በመጨረሻ አልቀበልም አለ። ነጣቂው ገንዘቡን ይቀበላል፣ የሙያ አቻዎች ግምገማ ግን የለም፤ ቢኖርም ለይስሙላ ነው።

ጎንደር ያለ አንድ ሐኪም የነፍሰ ጡሮችን ደም ማነስ አጥንቷል እንበል። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን ማን ቢያነበው ይጠቅማል?» ብሎ ነው። አንባቢዎቹ የአገር ውስጥ ሐኪሞች ከሆኑ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል አለ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የጤና ሳይንስ ጆርናል አለው። ከዚያ ጆርናሉ ሜድላይን በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ መመዝገቡን፣ ክፍያውንና የክፍያ ምሕረት መኖሩን ያያል። «ኢምፓክት ፋክተር» የሚሉት ቁጥር የሚነግረው ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ብቻ ነው፤ ስለዚያ ሐኪም ጥናት ጥራት አንዳች አይናገርም።

ይህን ሲያመዛዝን ኢሜይል ይመጣል፦ «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን በጉጉት እንጠብቃለን»። ፕሮፌሰር አይደለም፤ ጆርናሉም የጥርስ ሕክምና ነው። ውሳኔ በ3 ቀን ይላል። የክፍያ መጠየቂያው የሚመጣው ጽሑፉን ከተቀበሉት በኋላ ነው፤ ላንሳ ቢል ደግሞ ለማንሳትም ክፈል ይባላል። እዚህ ላይ ተረት የሚመስለው በፍርድ ቤት ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የአሜሪካ ዳኛ በሕንድ የሚገኘው ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ ክፍያን በመደበቅና ስለ ግምገማው በማሳሳት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኗል።

ወጣቱን ሐኪም ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው ጽሑፉን ሳያነብ ከቆጠረ፣ ነጣቂው ደንበኛ አያጣም። ኪሳራውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ጥናት ሁለት ቦታ አይታተምምና፣ እዚያ የገባ ደህና ሥራ ሌላ ቤት ማግኘቱ ያስቸግራል።

ጥርጣሬ ሲገባ ርካሽ መንገድ አለ። ከአዘጋጆቹ ዝርዝር አንዱን መርጦ፣ በጆርናሉ ሳይሆን በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ አድራሻ መጻፍ ነው። አንዳንዴ የሚመጣው መልስ «ስሜ እዚያ መኖሩን ገና ከእርስዎ መስማቴ ነው» የሚል ነው።