ተርቧ ማንን ትመርጣለች?

ክረምት ላይ ዘነበወርቅ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ገዝታችሁ ውስጡ ትል አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ምናልባት የአገዳ ቆርቁር እጭ ሊሆን ይችላል። እሱም የራሱ ጠላት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን ተርብ እጩን ወግታ እንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿም ከውስጥ እየበሉት ያድጉና ይገድሉታል። እንዲህ ያሉ ነፍሳት ፓራሲቶይድ ይባላሉ። አንዳንዶቹ መራጭ ናቸው፣ ሌሎቹ ያገኙትን ይይዛሉ።

ልዩነቱ ቀላል ነገር አይደለም። በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ የዛፍ ቅጠል የሚጨርስ የእሳት ራት ለማጥፋት ኮምፕሲሉራ የተባለች ዝንብ ከአውሮፓ አስመጣች። ዝንቧ ያገኘችውን የምትይዝ ስለነበረች ከ150 በላይ ዝርያዎችን ስታጠቃ ተገኘች። ምንም ያላጠፉ ትልልቅ የእሳት ራቶችም አብረው ተጎዱ።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። ቺሎ ፓርቴለስ የተባለው የአገዳ ቆርቁር ከእስያ የመጣ ሲሆን፣ በአህጉሩ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማላዊ ውስጥ ነው። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ፣ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምትባል መራጭ ተርብ ከፓኪስታን አስመጥቶ በ1993 ኬንያ ባሕር ጠረፍ ላይ ለቀቃት።

እንዴት ነው የምትመርጠው? እጭ የበላው በቆሎ የተለየ ጠረን ያወጣል። ተርቧ ጠረኑን ተከትላ ትመጣለች፣ የእጩን ኩስ በአንቴናዋ ትዳስሳለች፣ ከዚያ አገዳው ውስጥ ገብታ ትወጋለች። የሚገርመው፣ ጠረኑ ውስጥ ያለው የትኛው እጭ እንደሆነ በደንብ አይነግራትም። ቡሴኦላ ፉስካ የተባለውን የአፍሪካ ቆርቁርም ትወጋለች፤ ነገር ግን የእጩ የደም ሴሎች እንቁላሎቿን ከበው ያፍኗቸዋል። እሷ በጠረን ትመርጣለች፣ እጩ ደግሞ በደሙ ይወስናል ማለት ነው።

ተርቧም ባዶ እጇን አትመጣም። ከእንቁላሎቿ ጋር የእጩን መከላከያ የሚያዳክም ቫይረስ ትወጋለች። ቫይረሱ ግን ሁሉም እጭ ላይ እኩል አይሠራም። የአፍሪካ ዘመዷን ኮቴሲያ ሰሳሚዬን እንይ፦ የኬንያ ደጋዋ ቡሴኦላ ውስጥ ልጆቿን ታሳድጋለች፣ የጠረፏ ግን አይሆንላትም። ስማቸው አንድ ነው፣ አቅማቸው ግን ይለያያል።

ኢትዮጵያ ያኔ ኮቴሲያ ፍላቪፔስን ለቅቃ አታውቅም ነበር። ተርቧ ግን ራሷ መጣች። ኢማና ጌቱና ባልደረቦቻቸው በ2003 ባሳተሙት ጥናት እዚህ መደላደሏንና የምታጠቃቸው እጮች ዓይነት መጨመሩን አሳይተዋል። ስለዚህ «መራጭ ናት» የሚለው ስያሜ አገር ሲቀየር እንደገና መፈተሽ አለበት።

በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ሲገባ ታሪኩ ተገለበጠ። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ማሳዎች በተሰበሰቡ እጮች ላይ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች የአፍሪካ ተርብ ተገኘች፤ እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን አጥቅታለች። ይህች ተርብ አፍሪካ ውስጥ የተምቹን የቅርብ ዘመዶች ታጠቃ ነበር። እንግዳው ለእሷ ያን ያህል እንግዳ አልነበረም።

ስለዚህ አዲስ ተባይ ሲመጣ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «ዘመዱ እዚህ አለ ወይ? እሱንስ ማን ያጠቃዋል?» የሚለው ነው። ከውጭ ማስመጣት ግድ ከሆነም ተርቧ ማንን እንደምትወጋና ልጆቿ የማን ሰውነት ውስጥ እንደሚያድጉ ሁለቱንም አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። አንዴ ማሳ ላይ የተለቀቀች ተርብ ተመለሺ ቢሏት አትመለስም።