ሀገር ስጠኝ

«እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ይህን ያላለ ማን አለ? ንግሥተ ሳባም ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው እንደሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል።

የእኛ ልጆች ግን በመፈተን ብቻ አልቆሙም። መልሱ ለጠፋበት ጓደኛ ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይለዋል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። አሸናፊው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሀገሩን ይገባል፤ ተሹሞ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ደልቶት መኖሩን እያሳመረ ያወራል፤ ከዚያ በኋላ መልሱን ይናገራል።

በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከበው የሌለ ሀገር በቃል ይፈጥራሉ፤ ራሳቸውንም የዚያ ሀገር ሰው ያደርጋሉ። ዓለም አዲስ ነገር አለው። በእንቆቅልሽ ያደገ ልጅ ቢሰማ ግን ብዙም ባልገረመው!

የጅማና የቡታጅራ መንገዶች በሚለያዩባት በዓለም ገና ጨዋታው ሁለት ስም አለው፤ በአማርኛ እንቆቅልሽ፣ በኦሮምኛ ሂቦ። አዲስ አበባ እየሰፋች በመጣችባቸው ዓመታት በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች መሬት በካሬ ሜትር እየተለካ ጎረቤት ከጎረቤት አቀያይሟል። በጨዋታው ግን ሙሉ ሀገር የሰጠና የተቀበለ ሲስቁ አምሽተው ይለያያሉ። ሰጪው የሚያጣው ነገር የለም፤ ተቀባዩም ያለ ሰጪው ሀገር የለውም።